ለቆሻሻውም ግቢ ይሠራለት



አንደኛ ዓመት ሳለን ከተማርናቸው ነገሮች መካከል ማንኛችንም የማንረሳት አንዲት አባባል አለች። «ውሻ ሰው ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻ ቢነክስ ግን ዜና ነው» የምትለዋ። ፈተና ላይም መጥታብናለች። እንግዲህ በዚህች ሚዛን ከተመዘነ ቆሻሻ መቼም ቢሆን ዜና አይሆንም። ለምን ቢሉ ሁልጊዜ አለና! ትናንት ነበረ፣ ዛሬም አለ፣ ነገም ይኖራል። ሆቴል ጓሮ የተከመረ የምግብ ትራፊና ፌስታል አይቶ ብዕሩን የሚመዝ ጋዜጠኛ የለም።

ቆሻሻ ዜና የሚሆነው ሰው ሲገድል ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ አዲስ አበባ ረጲ አካባቢ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ቦታ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ነው የተቀበሩት። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ፤ የዓለም የዜና ማሰራጫዎችም ተቀባበሉት። ቦታው ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውሻው ሰው እየነከሰ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ግን ዜና አይደለም ብለን ዝም አልን።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ቆሼ ልጽፍ አልተነሣሁም። የምጽፈው ስለ ሳንጃ ነው። ቆሼን ያነሣሁት ያ ተራራ ከሰማይ ያልወረደ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱን ፌስታል፣ እያንዳንዱን ማዳበሪያ አንድ ሰው ከግቢው አውጥቶ «ተገላገልኩ!» ብሎለታል። ሳንጃ የቆሻሻ ተራራ የላትም። «ከግቢዬ ከወጣ የኔ አይደለም» የሚለው አስተሳሰብ ግን በደንብ አላት። ስለዚህ ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጭማቂ ቤት ወይም ጅምላ መደብር የከፈተ ሰው ሁሉ የሚያወጣውን ቆሻሻ ሰብሳቢ መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ በራሱ ይዞታ ላይ፣ ወለል፣ ግድግዳ፣ ጣሪያና በር ባለው ቦታ ማቆየት አለበት እላለሁ። ባጭሩ፣ ለቆሻሻውም ግቢ ይሠራለት!

ከፊትና ከኋላ

ሳንጃን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ ትክል ድንጋይን አልፎ ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሲወረድ ትገኛለች። ጃኬታችንን መኪና ውስጥ አውልቀን ነው የምንደርስባት። ስሟ ጠመንጃ አፍ ላይ የሚሰካውን ስለት ያስታውሳል፤ ፀሐይዋም እንደ ስሟ ትወጋለች። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከየደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እዚህ ይበላል፣ ያድራል፣ መኪና ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ለትንሽ ከተማ ምግብ ቤቷም አልጋ ቤቷም ብዙ ነው። ምግብ ቤት በዛ ማለት ደሞ ትራፊ በዛ ማለት ነው።

ባለፈው እረፍት ቤተሰብ ልጠይቅ በወረድኩ ጊዜ አስፋልቱ ዳር ያሉትን ቤቶች እያየሁ አለፍኩ። ደጃፋቸው ተጠርጓል፣ ውኃ ተርከፍክፎበታል፣ ቡና የሚፈላበት ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ደስ ይላል። ከዚያ በአንዱ ሆቴል ጎን ባለችው ጠባብ መንገድ ወደ ጓሮ ዞርኩ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሻገተ እንጀራ፣ አጥንት፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ከምድጃ የወጣ አመድ... ሁሉም አንድ ላይ ግድግዳው ሥር ተከምሯል። አመዱ ውስጥ ፍም ቀርቶ ኖሮ ከሥር ፌስታል እያጤሰ ነበር። ሁለት ፍየሎችና አንድ ውሻ ይሻማሉ። ማታ ደግሞ ጅብ ይረከባቸዋል።

ከዚያ ግድግዳ ዝቅ ብሎ ሻይና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ እትዬ ነው የምንላቸው። ሥራ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ።

«ኧረ ተወኝ ልጄ! በአንድ እጄ ጀበና ይዤ በአንድ እጄ ዝንብ አባርራለሁ። ነፋሱ ሲዞር እኔም በርጩማዬን ይዤ እዞራለሁ። ሰው አፍንጫውን ይዞ ቡና ይጠጣል? እስቲ አንተ የተማርከው ንገረኝ።»

የምነግራቸው አልነበረኝም። እትዬ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚያች በርጩማ ነው። የሆቴሉ ትርፍ ለባለቤቱ ነው፤ የትራፊው ዕዳ ግን የሚወራረደው በእትዬ ስኒ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ቆሻሻ ሲጣል ዋጋው ይጠፋል ብለን እናስባለን እንጂ አይጠፋም፤ አቅም ወደሌለው ሰው ይዞራል።

ወደ ከብቱም ይዞራል። የአንዲት ጎረቤታችን ላም ሆዷ ተነፍቶ፣ መብላት አቁማ፣ ከስታ ሞተች። ሆዷ ሲከፈት የወጣው የፌስታል ድብልብል የእግር ኳስ ያህላል። ዘይት የነካው፣ ጨው የነካው ፌስታል ለከብት ይጣፍጣል፤ አንዴ ከገባ ግን አይፈጭም፣ አይወጣም። ጎረቤታችን ለማን ይክሰሱ? ፌስታል ላይ የጣለው ሰው ስም አይጻፍ!

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጎርፉ የቀረውን ጠራርጎ ወደ ፈፋው፣ ከፈፋው ወደ ወንዙ ይወስደዋል። ያኔ «ዝናቡ ከተማችንን አጠበልን» እንላለን። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡትና የሚዋኙት ልጆች ግን የኛው ናቸው።

«ግቢዬማ ንጹሕ ነው»

ጋዜጠኛ ሁለቱንም ወገን ይሰማል ተብለን የለ? ወደ ሆቴሉ ባለቤት ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በክብር ተቀበሉኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ።

«ጋሼ፣ ጓሮ ያለው ቆሻሻ የእርስዎ ነው እንዴ?» አልኳቸው እየፈራሁ።

«የኔ ነበረ» አሉ ፈገግ ብለው። «አሁን ወጥቷል። ግባና ግቢዬን እይ፤ ግቢዬማ ንጹሕ ነው። ከአጥር ወዲያ ያለው የመንግሥት ነው።»

ገብቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ግቢው እንደ መስታወት ያበራል። እንግዲህ እኒህን ሰው ክፉ ናቸው ልል አልችልም። የሠሩት ሁላችንም የተማርነውን ነው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ እናቴ ጠርጋ የሰበሰበችውን ጥራጊ በአካፋ ይዤ ከአጥር ማዶ ስወረውር ነው ያደግኩት። «ጎበዝ!» ተብዬም ተመርቄበታለሁ። ከአጥር ማዶ የሌላ ሰው ደጃፍ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ልሰናበታቸው ስነሣ ግን ጋሼ መልሰው ጠየቁኝ። «እሺ አታውጣ ካልከኝ የት ላስቀምጠው? እንግዳ ምሳ እየበላ አጠገቡ ልከምረው?»

ይህች ጥያቄ ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ናትና! «ቆሻሻ አትጣሉ» የሚል ጽሑፍ በየግድግዳው አለ። «እዚህ አስቀምጡ» የሚል ግን የለም። ማስቀመጫ ሳይኖር መከልከል ብቻ ሰውን ወደ ሌሊት ይወስደዋል፤ ቀን የማይጣለው ሌሊት ይጣላል።

ምን ዓይነት ግቢ?

ጎንደር ውስጥ «ግቢ» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን የፋሲል ግቢ ነው። 900 ሜትር ገደማ በሚረዝም የድንጋይ አጥር የተከበበ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ። አባቶቻችን የከበረውን ነገር አጥር ሠሩለት። እኔ የምለው የሚጎዳውንም ነገር እናጥርለት ነው። ሐሳቡ ትልቅ አይደለም፤ ከመጸዳጃ ቤት ያነሰ ሥራ ነው። ስፋቱ በአካፋና በብሎኬት ቋንቋ እንዲህ ይሆናል።

ለአንድ መካከለኛ ምግብ ቤት 2 ሜትር በ2 ሜትር ይበቃል። ሦስት ጎኑ የብሎኬት ግድግዳ፣ አራተኛው በር። ባለ 40 በ20 ሳንቲም ብሎኬት ስንወስድ አንዱን ጎን በአንድ ረድፍ 5 ብሎኬት ይሞላዋል። 8 ረድፍ ብንደረድር ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። በሦስት ጎን ሲባዛ 120 ብሎኬት ነው። አለቀ! አንድ ሆቴል አዲስ ክፍል ሲያስገነባ ተሰብሮ የሚተርፈው ብሎኬት ከዚህ ብዙም አያንስም።

ወለሉ የግድ ኮንክሪት መሆን አለበት። አፈር ላይ የፈሰሰ የምግብ ውኃ አፈሩን ያሸተዋል፤ ትሉም እዚያው ይራባል፤ ቢጠረግም አይጠራም። የአካባቢያችን አፈር ደግሞ ብዙው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ከሥሩ ድንጋይ ሳይነጠፍ የፈሰሰ ስስ ኮንክሪት ዓመት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ትንሽ ይዘምም፤ ጥጉ ላይ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ። ያኔ በባልዲ ውኃ ሊታጠብ ይችላል።

ግድግዳው እስከ ጣሪያ አይድረስ። ከግድግዳው በላይ ያለው ክፍተት በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ በሩም የብረት ፍሬም ሆኖ ወንፊት ሽቦ ይበየድበት። ለምን? በሳንጃ ሙቀት ዙሪያውን በቆርቆሮ የታፈነ ቦታ ምድጃ ነው የሚሆነው። ትራፊው ይፈላል፣ ሽታው ያፍናል፣ የሚያጸዳው ሰውም አይገባበትም። ወንፊቱ አየር ያስገባል፤ ፍየልን፣ ውሻን፣ ጅብንና በነፋስ የሚበረውን ፌስታል ግን ያግዳል። በእንጨት ብቻ እንሥራው የሚሉ አሉ፤ ለምስጥ ምሳ ማቅረብ ነው። ሽመል ለጊዜው ያገለግላል፣ መልኩም ያምራል፤ ግን ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ስስ አጥር የሌለውን ያህል ነው።

ውስጡ ክዳን ያላቸው ሦስት በርሜሎች ይቁሙ። ባለ 200 ሊትሩ የናፍጣ በርሜል ሦስቱ ጎን ለጎን በ2 ሜትር ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ለምግብ ትራፊና ለልጣጭ፣ አንዱ ለፕላስቲክና ለካርቶን፣ አንዱ ለጠርሙስና ለሌላው። አመድ ግን ለብቻው፣ ውኃ ተርከፍክፎበት፣ በብረት ዕቃ። ፍም ያለበት አመድ ካርቶን ላይ ሲደፋ የሚሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

በሩ ደግሞ መኪና ለሌላት ከተማ የመኪና በር አይሁን። የአዲስ አበባውን ትልቅ የብረት ገንዳ ለማንሣት ልዩ መኪና ያስፈልጋል። ትናንሽ ከተሞች ግን ቆሻሻ የሚጓጓዘው በጋሪ ነው። ስለዚህ የበሩ ወርድና የመንገዱ አቅጣጫ ጋሪው ተጠግቶ በርሜሉን እንዲጭን ሆኖ ይታሰብ። ያለንን አይተን እንሥራ እንጂ የሌለንን እየጠበቅን አንቀመጥ።

አጥር ብቻውን ምን ሊያደርግ?

እዚህ ላይ ራሴን ልሞግት። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ሳካፍለው «ቆሻሻውን መደበቅ ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም» አለኝ። ልክ ነው። ገበናን መሸፈን የምንወድ ሰዎች ነን። እንግዳ ይመጣል ሲባል በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ተተክሎ ቀለም ይቀባል፤ እንግዳው ሲሄድ ቆርቆሮው ሥር ያለው ያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አጥሩ ዓላማው ከዓይን መሸፈን ብቻ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። የተደበቀ ቆሻሻ ከታየው ይከፋል፤ የሚያየው ሰው የለምና የሚቆጣለትም አይኖርም።

ልዩነቱ ያለው የሚነሣበት ቀን ላይ ነው። ይህን የምትወስነው ዝንብ ናት። የቤት ዝንብ በሞቃት አየር ከእንቁላልነት ተነሥታ በራሪ ዝንብ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ የምግብ ትራፊ በሳምንት አንዴ እንኳ ቢነሣ አንድ ትውልድ ዝንብ አሳድገን ልንለቅ እንችላለን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከተነሣና በርሜሉ ክዳን ካለው ግን ትሉ ሳይበር ይሄዳል። ካርቶንና ፕላስቲክ ቢቆይም ግድ የለም። እንግዲህ ሁሉንም ቆሻሻ በየቀኑ ማንሣት አይጠበቅብንም፤ ለይተን ካስቀመጥን የሚቸኩለው እርጥቡ ብቻ ነው። ለአነስተኛ ከተማ አቅም ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ሌላው አደጋ መጸዳጃ መሆን ነው። በር የሌለው፣ ከመንገድ የተከለለ ቦታ በኛ ከተሞች ምን እንደሚሆን ማናችንም አናጣውም። ይሄ ደግሞ በሳንጃ ቀልድ አይደለም። ቢልሃርዝያ በሳንጃ ልጆች ላይ በስፋት እንደሚገኝ ተመራማሪዎች አጥንተው አሳትመዋል። ቢልሃርዝያ ከሽንኩርት ልጣጭ አይመጣም። የበሽተኛ ሰው ሰገራ ወንዝ ሲገባ፣ ውኃው ውስጥ ያለችው ቀንድ አውጣ ትቀበለዋለች፤ ከእሷ የሚወጣው ትል የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ በር የሌለው የቆሻሻ ከለላ ሠርተን መጸዳጃ ካደረግነው፣ ጎርፉም ወደ ወንዙ ካደረሰው፣ በጽዳት ስም በሽታ ተከልን ማለት ነው። ቁልፍ ያለው በር የምለው ለማስዋብ አይደለም። ቁልፉም ሁለት ይሁን፤ አንዱ በባለቤቱ፣ አንዱ በሰብሳቢው እጅ።

ሌሎች ከየት ጀመሩ?

«ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ፈረንጁም እኮ የጀመረው ከኛው ጭቅጭቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የፓሪስ አስተዳዳሪ የነበረው ኡዤን ፑቤል የሕንፃ ባለቤቶች ሁሉ ለተከራዮቻቸው ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ እንዲያቀርቡ አዘዘ። ባለቤቶቹ ወጪ በዛብን ብለው አጉረመረሙ። ከመንገድ ላይ ጨርቅና አጥንት ለቅመው የሚሸጡ ድሆችም እንጀራችን ተነካ ብለው ተቃወሙ። ሰውየውን ለማብሸቅ ዕቃውን በስሙ ጠሩት፤ ዛሬ በፈረንሳይኛ የቆሻሻ መጣያ «ፑቤል» ነው የሚባለው። ትእዛዙ ግን ጸና።

ሀብታሟ ኒውዮርክ እንኳ ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻዋን በጥቁር ፌስታል እያሰረች የእግረኛ መንገድ ላይ ስትከምርና አይጥ ስትቀልብ ኖራ፣ ንግድ ቤቶቿ በሙሉ ክዳን ያለው ዕቃ እንዲጠቀሙ ያስገደደችው ገና ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። እንግዲህ ብዙም አልተቀደምንም!

ከፓሪስ ታሪክ አንድ ትምህርት አለ፤ ለቃሚዎቹን አትርሱ የሚል። እኛም ጋር «ቁራሌው» እያሉ የሚዞሩ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ ሰብስበው የሚያድሩ ልጆች አሉ። በሩን ስንቆልፍ እነሱን ከውጭ ከቆለፍንባቸው በድለናል። የተለየ በርሜል ካለ ግን ለእነሱ ይሻላቸዋል። ትራፊ ውስጥ እጃቸውን ሳይከቱ፣ በጠርሙስ ሳይቆረጡ፣ ንጹሕ ፕላስቲክ ይወስዳሉ። የተወሰነ ቀንና ሰዓት ይሰጣቸው።

የሀገራችንም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከተሞች በየመንገዱ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዲያኖሩና ሞልቶ ሳይፈስ እንዲያነሡ ያዝ ነበር። ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ፌስታሎችንም ከልክሎ ነበር። ያቺን የጎረቤታችንን ላም የገደለው ግን ስስ ፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጠቅልሎ የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ፌስታል ቢቀር እንኳ አጥንቱ፣ ልጣጩ፣ ጠርሙሱና አመዱ አይቀርም። አዋጅ ከአዲስ አበባ ይወጣል፤ በርሜል ግን ከዚያ አይወጣም።

«አሁን ጊዜው ነው ወይ?»

ከሁሉ የከበደኝን ጥያቄ ላንሣ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልላችን በግጭት ውስጥ ገብቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ልጁ በሰላም እንዲገባለት ይጨነቃል። በዚህ መሐል ስለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ መጻፍ ቅንጦት አይሆንም ወይ? እውነት ለመናገር ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ያቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ ጊዜ ያስቀጠሉኝ እትዬ ናቸው። እሳቸው ሰላም እስኪሆን ብለው ጀበናቸውን አላወረዱም። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ደግሞ መኪናና መድኃኒት ይዘገያል፤ ዝንብ ግን አይዘገይም። በክፉ ቀን መታመም ከደግ ቀን ይከብዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ደግሞም ይህ ሥራ ትልቅ በጀት፣ ጨረታና የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። 120 ብሎኬት፣ ጥቂት ሲሚንቶ፣ ሦስት በርሜልና አንድ በያጅ ነው። በክፉ ቀንም ልንሠራው የምንችለው ነገር ካለ እንዲህ ያለው ነው።

ማን ምን ያድርግ?

ለትችት ብቻ እንዳልጽፍ ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለንብረቶች። ቤቱን ያከራየው ቦታውን ይስጥ፣ ንግዱን የሚሠራው ግንባታውን ይቻል። ቦታ የሌላቸው ትንንሽ ቤቶች አራት አምስት ሆነው አንድ ይሥሩ። ግን በጋራ የሚሠራው ላይ ቁልፍ የሚይዘው ሰው በስም ይታወቅ፤ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ሆኖ እንዳይቀር።

ሁለተኛ፣ የከተማ አስተዳደሮች። የንግድ ፈቃድ ሲታደስ «ቆሻሻህን የት ነው የምታስቀምጠው?» ተብሎ ይጠየቅ፤ አዲስ ሕንፃ ሲፈቀድም ፕላኑ ላይ የመኪና ማቆሚያና መጸዳጃ እንደሚታየው ይህም ይታይ። በምላሹ የማንሻው ቀን ተቆርጦ ይለጠፍ። ማክሰኞና ዓርብ ከተባለ ማክሰኞና ዓርብ! ባለሆቴሉ ግቢውን ሠርቶ ጋሪው ካልመጣ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ወደ ጓሮ ይጥላል፤ አይፈረድበትምም። አዲስ አበባ የጽዳት ክፍያን ከውኃ ቢል ጋር አያይዛ ከንግድ ቤቶች ከፍ ያለ መጠን ስትሰበስብ ኖራለች። ባሕር ዳርም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ድሪም ላይት ለተባለ የግል ድርጅት ሥራውን ሰጥታ ሞክራዋለች። መንገዱ ብዙ ነው፤ ዋናው ነገር ጋሪ የሚነዳው ወጣት ደመወዙ በጊዜ መድረሱ፣ ጓንትና ቦት ጫማም ማግኘቱ ነው።

ሦስተኛ፣ እኛ። የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከፊት ለፊት ፎቶ ማንሣት እንወዳለን። ጎንደርም ሆነ ሌሎች ከተሞች በኮሪደር ልማት ፊታቸውን እያሳመሩ ነው፤ ይዘገብ። ነገር ግን ካሜራችንን ይዘን ወደ ጓሮም እንዙር። ሰው ውሻ እስኪነክስ፣ ተራራ እስኪናድ አንጠብቅ።

ከሳንጃ ከመመለሴ በፊት በነበረው ቀን ጋሼ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ይህችን የ2 ሜትር በ2 ሜትር ነገር ደብተር ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«በሩ በዚህ በኩል ቢሆን ይሻላል» አሉ በጣታቸው እያሳዩ፣ «በዚያ በኩልማ ሴትዮዋ ላይ ነው የሚከፈተው።»

ሠርተውት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም። ግን ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጥራቸው ማዶ ሰው መኖሩን አስበው ተናገሩ። እኔ ግማሹ ሥራ ያኔ ተሠራ እላለሁ፤ የቀረው ብሎኬት ነው።

ቸር ይግጠመን!